ሥራችሁ የሚያርፍበት ፊት

ሰዎችን «ሙያችሁን እንዴት መረጣችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የተሰናዳ ታሪክ ትሰማላችሁ። አብራሪው በልጅነቱ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ከቤት እየሮጠ ይወጣ ነበር፤ ሐኪሟ አሻንጉሊቷን መርፌ እየወጋች ነው ያደገችው። መነጽር ቤት የሚሠሩትን ስትጠይቁ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ እምብዛም አይገኝም። አንዱ ሕክምና ተመኝቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ምደባው ኦፕቶሜትሪ ላይ ጣለው። ሌላዋ የአጎቷን ሱቅ በክረምት ልታግዝ ገባች፤ መስከረም ጠብቶም አልወጣችም። ሦስተኛው ሰዓት ጥገና ያውቅ ስለነበር «ብሎን ማጥበቅ ከቻልክ ፍሬምም አያቅትህም» ተባለና በዚያው ቀረ። «ሳድግ መነጽር ሠሪ እሆናለሁ» ብሎ ያደገ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እነዚሁ ሰዎች ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ብትሄዱም እዚያው ናቸው። የተሻለ የሚከፍል ሥራ መጥቶላቸው ያልሄዱ አሉ። ወደ ሌላ ንግድ ገብተው የተመለሱ አሉ። ሱቁን ለልጆቻቸው አስረክበው ሲያበቁ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ «እስቲ ያንን ፍሬም ወዲህ በለው» የሚሉ አዛውንቶችም አሉ። በአጋጣሚ የተገባበትን ሥራ ይህን ያህል የሚያስወድደው ምንድን ነው?

ይህን የምጠይቀው ለእነሱ ስል ብቻ አይደለም። ከአንባቢዎቼ መካከል «ያለሁበት ሙያ የእኔ ምርጫ አልነበረም» እያለ የሚተክዝ ብዙ ነው። ምደባ ያመጣው አለ፤ ቤተሰብ የገፋው አለ፤ የቤት ኪራይ ለመክፈል ብሎ የገባ አለ። ለእናንተ ከመነጽር ቤቶች ያመጣሁት የምሥራች አለ፦ ሙያ የሚመረጠው ሲገቡበት ብቻ አይደለም። ከገቡ በኋላም ይመረጣል፤ ደጋግሞ ይመረጣል። እንዴት የሚለውን እነሱ እየሠሩ ያሳዩናል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መነጽር ቤት ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ችግራቸውን በአጭሩ ተናገሩ፦ «ዳዊቴን መድገም አቃተኝ፣ ልጄ። ፊደሉ ይርመሰመስብኛል።» መርማሪዋ ወጣት ናት። የርቀት እይታቸውን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ አየች፤ ብርሃን አብርታ የዓይናቸውን ውስጥ ተመለከተች፤ የመሞከሪያውን ፍሬም አፍንጫቸው ላይ አስቀምጣ ሌንስ እየቀያየረች ለቅርብ የሚሆነውን አገኘች። እዚህ ላይ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ልትጨርስ ትችል ነበር። እሷ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «እማማ፣ ዳዊቱን ሲደግሙ የት አድርገው ነው የሚይዙት?»

«አትሮንስ ላይ ነዋ። ትልቁ ዳዊት ነው፤ እጄ አይችለውም።»

በዚህ መልስ ቁጥሩ ተቀየረ። መጽሐፍ እጅ ላይ ሲያዝ ከዓይን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አትሮንስ ላይ ሲሆን 60 ሊደርስ ይችላል። ለ40 ሳንቲ ሜትር ልክ የተሠራ ሌንስ አትሮንሱ ላይ ያለውን ፊደል ያደበዝዘዋል። እናትየዋ አንገታቸውን አስግገው ሲታገሉ ይሰነብቱና መነጽሩ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸውም «አልሆነኝም» ይላሉ። ልጅቷ ቀለል ያለውን ሌንስ አስገባች። ከዚያ ልጃቸው በፌስታል ይዞት የመጣውን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥታ፣ በአትሮንስ ርቀት ልክ ፊታቸው ዘርግታ ያዘችላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፃቸው ወጣ፤ ማንበብ ጀምረው አላቆም አሉ። ልጃቸው «እማዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ቢላቸው መዝሙሩ እስኪያልቅ ቀና አላሉም። ሲጨርሱ የልጅቷን ሁለት እጆች ያዙና መረቁ፦ «ዓይንሽን አይንሳሽ። እጅሽ ይባረክ። ወልደሽ ሳሚ።»

ልጅቷ በልጅነቷ ሌላ ሙያ ተመኝታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ግን ይህንን መረጠች።

የመነጽር ባለሙያን እዚያው የሚያቆየው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውና ፍሬው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። መምህር የደከመበትን ለማየት ብዙ ዓመት ይጠብቃል። መንገድ የሠራ መሐንዲስ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው አያውቀውም። የመነጽር ባለሙያ ግን ሌንሱን ባስገባበት ቅጽበት የሰውየው ፊት ሲፈታ ያያል፤ ግንባሩ ላይ የተቋጠረው ይለቃል፤ ትከሻው ይወርዳል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ብዙው በመስኮት ወደ ውጭ አሻግሮ ማስታወቂያ ማንበብ ይጀምራል። ይህን በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያይ ሰው «ሥራዬ ምን ጥቅም አለው?» የሚል ጥያቄ አያነሣም፤ መልሱ ፊቱ ተቀምጧልና።

ደግሞም ፍሬው ትንሽ አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ተለጣጭ ነው፤ ቅርብ ስናይ ጡንቻው ሲሠራ ወፈር ይላል፣ ሩቅ ስናይ ይሳሳል። ዕድሜ ሲገፋ እየጠጠረ ይሄድና 40 ዓመት ገደማ ላይ ቅርቡ መደብዘዝ ይጀምራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ በዕድሜ ሁሉም ይደርስበታል። መድኃኒቱም አንድ ጥንድ ሌንስ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዚህ ምክንያት ብቻ ቅርብ ማየት ተስኗቸው መፍትሔ ያላገኙ 826 ሚሊዮን ሰዎች እንዳሉ ገልጿል።

እነዚህ እነማን ናቸው? ሽሮ ሜዳ ጥለት ሲጥል የኖረውን ሸማኔ አስቡት። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሰፈር ልጅ የሚጠራውን ልብስ ሰፊ አስቡት። በቡና መጋዘን ቀኑን ሙሉ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ የምትለቅመዋን እናት አስቧት። እጃቸው ሙያውን አልረሳም፤ እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ነው የበሰለው። ዓይናቸው ግን ቀደማቸውና «አረጀሁ» ብለው ሥራውን ለወጣት ለቀቁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ አንድ ጥናት በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ለግማሾቹ የቅርብ መነጽር ወዲያው ተሰጠ፤ ሌሎቹ ጥናቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። መነጽር ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ምርታማነታቸው 21.7 በመቶ ጨመረ። የሻይ ቅጠል መልቀም ደግሞ ከመርፌ ሥራ ጋር ሲወዳደር ዓይን እምብዛም የሚፈልግ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሎስ ዋን ላይ የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ ገቢን ለካ፤ የቅርብ መነጽር ያገኙት የገጠር ነዋሪዎች መካከለኛ ወርሃዊ ገቢ በስምንት ወር ውስጥ ካላገኙት በ33.4 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ ብድር አልተሰጣቸውም። የሚያውቁትን ሥራ ማየት ቻሉ፣ በቃ።

ስለዚህ አንድ የመነጽር ባለሙያ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ቢባል «የአንድ ቤት ገቢ ከፍ አደረግሁ» ብሎ ቢመልስ አላጋነነም።

ስለ ልጆች ስናወራ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሩቅ የማያይ ልጅ ሩቅ እንደማያይ አያውቅም። ድብዘዛው ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ሌላውም ሰው እንደ እሱ የሚያይ ይመስለዋል። የመነጽር ቁጥሩ ከዜሮ በታች 3 የሆነ ልጅ ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው። ከክንዱ ባነሰ ርቀት ላይ ዓለም መደብዘዝ ይጀምራል። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳው ላይ ያለውን የሚገለብጠው ከጓደኛው ደብተር ነው። መምህሩ «ሰነፍ» ሊለው ይችላል፤ ወላጅ «ትኩረት የለውም» ሊል ይችላል። በመነጽር ቤት ያለው ሰው ነው «ይህ ልጅ ምንም አልጎደለውም፤ ሰሌዳው ነው ያልደረሰው» ብሎ የሚናገርለት። ያውም የጊዜ ገደብ አለው፦ የአንድ ዓይን ድክመት በልጅነት ካልተስተካከለ አእምሮ ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ ካደገ በኋላ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። እንግዲህ አንዲት መነጽር ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን አይታ «ነገ ሳይሆን ዛሬ» ስትል፣ የምትናገረው ስለዚያ ልጅ ቀሪ ዕድሜ ነው።

ሌላም የማከብረው ነገር አለ። ጥሩ የመነጽር ባለሙያ ሽያጭ የሚያስቀርበትን እውነት ይናገራል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ ያመጣው እንደሆነ አሳይቷል። ሞራ ደግሞ በመነጽር አይድንም፤ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወገደው። ሽማግሌው ገብተው «ጠንከር ያለ መነጽር ስጠኝ» ሲሉ፣ ሌንስ ሸጦ መሸኘት ቀላል ነው። ባለሙያው ግን «አባባ፣ ይኼ የመነጽር ነገር አይደለም፤ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ» ብሎ ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚመጡት ወደዚያው ሱቅ ነው፤ ይዘውም የሚመጡት ጎረቤታቸውን ጭምር ነው። ታማኝነት እንዲህ ባለ መንገድ ይከፍላል፣ ባይከፍል እንኳ ባለሙያው ማታ ተኝቶ ያድራል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ሰው በፍቅር ብቻ አይቆይም። ሥራው ራሱ የማያልቅ መሆን አለበት፤ ሲማሩት የሚሰፋ።

መነጽር በውጭ ለሚያየው ሁለት መስታወትና ሽቦ ነው። ለሚሠራው ግን የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ባለሙያው ትንሽ ማስመሪያ አፍንጫ ላይ አስደግፎ ይለካዋል። የሌንሱ መካከል በዚያ ልክ ካልተቀመጠ ብርሃኑ ይጣመማል፤ ሌንሱ ብርቱ ከሆነ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ራስ ምታት ለማምጣት ይበቃል። የዓይኑ የፊት ገጽ እኩል ክብ ላልሆነ ሰው ደግሞ ሌንሱ በተወሰነ ዲግሪ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ሌንሱ በማሽን ተሞርዶ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ዲግሪ ቢዞር ሰውየው «ወለሉ ዘንበል ይልብኛል» እያለ ይመለሳል። ከዚያ ፍሬሙን ማስተካከል አለ፦ አፍንጫ ላይ እንዳይንሸራተት፣ ከጆሮ ጀርባ እንዳያቆስል፣ ሌንሱ ከዓይን ርቀቱ እንዲጠበቅ። የፕላስቲኩን ዘንግ አሙቆ በአውራ ጣት ጎንበስ ማድረግ ማንም በቪዲዮ የማይማረው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ካነሰ ይሰበራል፣ ትንሽ ከበዛ ይበላሻል። የሁለት ሰው ጆሮ አንድ ቁመት ላይ አይደለም፤ የአንድ ሰውም ሁለት ጆሮዎች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም።

የዚህን ሥራ ክብር ሳስብ ትዝ የሚለኝ ጆርጅ ቢደል ኤሪ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ነው። የግራ ዓይኑ የብርሃን ነጥብን እንደ መስመር ያሳየው ነበር። ካምብሪጅ ሳለ የራሱን ዓይን ጉድለት በሒሳብ አስልቶ፣ እስከዚያ ጊዜ ለሰው ዓይን ሲሠራ ያልተለመደ፣ በአንድ በኩል እንደ ቧንቧ ውስጠኛ ገጽ የጎደጎደ ሌንስ ነደፈ። ግን ንድፍ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1825 ግድም ሌንሱን ሞርዶ የሰጠው በኢፕስዊች ከተማ የነበረ ፉለር የተባለ መነጽር ሠሪ ነው። ኤሪ በኋላ የዘውዱ የሥነ ፈለክ ሊቅ እስከመሆን ደረሰ፣ ስሙም በመጻሕፍት ሞላ። እኔ ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው ፉለር ላይ ነው። አንድ ወጣት ሊቅ ለዓይን ያልተለመደ ቅርጽ ይዞ ሲመጣበት «ይኼማ አይሆንም» አላለም። ሞረደው። ዛሬ በእያንዳንዱ መነጽር ቤት በየቀኑ የሚታዘዘው ባለ ዲግሪ ሌንስ ከዚያ ሥራ የሚወርድ ነው።

በርናር ሜትናዝንም ልጨምር፣ ከመነጽር ጋር ዕድሜውን የፈጀ ፈረንሳዊ መሐንዲስ። አባቱ ለርቀትና ለቅርብ በመሐሉ መስመር የተከፈለ መነጽር ያደርግ ነበር። ሜትናዝ ያንን መነጽር ራሱ አድርጎ አየውና የሚዘልል እይታው አስጠላው፤ አባቱ በየቀኑ የሚታገለው ምን እንደሆነ በራሱ ዓይን አገኘው። ከዚያ ተነሥቶ ከላይ እስከ ታች ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚለወጥ፣ መስመር የሌለው ሌንስ ለመሥራት ዓመታት ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1959 ቫሪሉክስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ሜትናዝ ሌንሱን ባወጣው ድርጅት ቆይቶ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። ሥራው የሚያርፍበትን ፊት አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የአባቱ ፊት ነበረ።

ሥራው ሁልጊዜ ደስ የሚል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ሌንሱም ፍሬሙም በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ምንዛሬ ሲጠፋ ደንበኛ ይጠብቃል፤ የሚቆጣው ደግሞ ፊቱ ባለው ሰው ላይ ነው። ሁለት ቀን የተደከመበትን ሥራ «ለዚህ ብርጭቆ ይህን ያህል?» የሚል አለ። «መነጽር ዓይን ያደክማል» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ሐሰት መሆኑን በትዕግሥት ማስረዳት የዘወትር ሥራ ነው። ልጇን መነጽር ለማልበስ «አራት ዓይን ይሏታል» ብላ የምትሰጋ እናት አለች። ቀኑን ሙሉ መቆም አለ፤ አንድ ትንሽ ብሎን ወለል ላይ ወድቃ ግማሽ ሰዓት መፈለግ አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ናቸው የቀሩት። ስለዚህ መቆየታቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የመነጽር ባለሙያ ያላት ዕድል ፍሬዋ በራሱ እግሩ ወደ እሷ መምጣቱ ነው። የእናንተ ሥራ እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ እናንተ ወደ ፍሬው ሂዱ። ይህን የምላችሁ እንደ ማጽናኛ አይደለም፤ የሚሠራ ነገር ነው።

የደመወዝ መክፈያ የምታዘጋጂ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ እንበል። ወር በገባ በ30ኛው ቀን አንድ ጊዜ ከቢሮሽ ውጪና ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ በዪ። ደመወዙ በሁለት ቀን ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። አከራይዋ ምን እንደምትል፣ ከሱቅ በዱቤ የሚወሰደው ዘይት ስንት እንደሚጨምር ትሰሚያለሽ። ከዚያ ወዲህ ያ ሠንጠረዥ ቁጥር ብቻ ሆኖ አይታይሽም። መተግበሪያ የምትሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ከሆንክ ቢሮ ውስጥ ያለውን ስልክ ተውና አክስትህ በራሷ አሮጌ ስልክ ስትጠቀምበት ከጎኗ ተቀመጥ፤ እጅህን አታስገባ፤ የት እንደምትቸገር ዝም ብለህ እይ። ወንበር የምትሠራ አናጺ ከሆንክ የሸጥከው ወንበር ያለበትን ምግብ ቤት ገብተህ ሻይ ጠጣበት።

ያቺ ልጅ «የት አድርገው ነው የሚይዙት?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ በየሙያው አለ። ጥያቄው ሥራችን በሰውየው ሕይወት ውስጥ የት ቦታ እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ነው። ትርጉም የምትሠሩ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደሆነ ወይም በዝምታ ጠይቁ። ልብስ የምትሰፉ ደንበኛዋ ቀሚሱን ለብሳ ቆማ ትውል እንደሆነ ወይም ተቀምጣ ጠይቁ። ነርስ የሆናችሁ ታካሚውን መድኃኒቱን ቤት ማን እንደሚያስታውሰው ጠይቁ። ይህን መጠየቅ የጀመረ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፦ ሥራው ይሻሻላል፣ እሱም ለሥራው ቅርብ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ግን አብረው ነው የሚመጡት።

ከወር በኋላ ደግሞ መልሳችሁ ጠይቁ። ብልህ መነጽር ቤቶች መነጽሩን ካስረከቡ በኋላ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ ይበሉ፤ እናጠብቅልዎታለን» ይላሉ፤ ገንዘብም አይቀበሉም። ሰውየው ሲመለስ ዘንጉን ያጠብቃሉ፤ ወሬውንም ይሰማሉ። ያ ወሬ ለሚቀጥለው ወር የሚያቆያቸው ስንቅ ነው። እናንተም ሥራችሁን ካስረከባችሁ በኋላ የሚመለስበትን በር ክፍት አድርጉ።

ከአንባቢዎቼ መካከል ገና ሙያ ያልያዛችሁ፣ ወይም መቀየር የምታስቡ ካላችሁ ይህን ሥራ በቁም ነገር እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገለጸው ለርቀት እይታ መነጽር ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ተገቢውን መነጽር ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2050 የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሩቅ ማየት የሚቸግረው እንደሚሆን ተንብዮአል። የእኛው የ1998ቱ ጥናትም ለእይታ ድክመት ምክንያት ከሆኑት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመነጽር የሚስተካከል እንደነበር ያሳያል። ሥራ የለም የሚል ወጣት በሞላበት አገር፣ ሠራተኛ የሚጠብቅ ሥራ አለ ማለት ነው። በዲግሪ ደረጃ ዓይን መመርመርን መማር የሚፈልግ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ይሰጣል። ሌንስ መሞረድንና ፍሬም ማስተካከልን ግን ብዙዎች የተማሩት ሱቅ ውስጥ፣ ከሚችል ሰው ጎን ቆመው ነው።

በአካባቢያችሁ ወዳለ መነጽር ቤት ሂዱ። ቅዳሜ አትሂዱ፤ ሰው ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ላይ ግቡና «ለጥቂት ቀን አጠገባችሁ ቆሜ ልይ?» በሉ። ጥሩው ባለሙያ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የተጣመመ አሮጌ ፍሬምና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ነው። ፍሬሙን ገልብጣችሁ፣ ዘንጎቹን ዘርግታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። የሌንሶቹ ጠርዝ በሁለት በኩል፣ ዘንጎቹም በሁለት በኩል፣ አራቱም ጠረጴዛውን እኩል መንካት አለባቸው። አንዱ ከተንሣፈፈ ሰውየው አፍንጫ ላይ ሲቀመጥ ይዘነብላል። አሙቁ፣ ጎንበስ አድርጉ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ፣ እንደገና እዩ። አራቱ ሲነኩ ባለሙያው ሌላ ፍሬም ይሰጣችኋል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ መነጽሩን ሊወስድ ሲመጣ እናንተ ናችሁ የምታስረክቡት።